ኮኩ መቼ ይጨመራል?

አንዲት ወጣት እናት የንስሐ አባቷ ቤቷን ጠበል ሊረጩ በመጡ ጊዜ ይህን ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ደግ ቃል ጥቅም አለው? ታላቅ እህቴ አራስ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ያልሆነ ነገር ተናገርኳት። ‹አንቺ ልጆችሽን መቼ አሳደግሽ› አልኳት፤ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው። ፊቷ ሲለወጥ ሳይ ደነገጥኩ። ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ‹አንቺ እኮ እናቴ ነሽ፣ ካንቺ በላይ ማን አለኝ› ብዬ ለመንኳት፤ ባሰባት። በማግሥቱ ባሌን ደጇ ላክሁት። ‹ምላሷን ላንተ አዋሰችህ?› ብላ መለሰችው። በስልክ ማር የመሰለ ነገር ጽፌ ላክሁላት፤ ምን እንደመለሰች ለእርስዎ አልደግመውም። የልጄ ክርስትና ደርሷል። እህቴ ከሌለች እኔ ምን ደስታ አለኝ? ጣፋጭ ቃል የማይሠራ ከሆነ ዝም ብዬ ልተዋት?»

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ሕፃኗን አየት አደረጉና እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ። እንጨት ሠሪ ነው፤ ብቻውን ይኖራል። ያለው ንብረት አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያና በጓሮው የቆመ አንድ የኮክ ዛፍ ነው። ይህ ሰው የሥላሴ ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። እንደምታውቂው ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ሰው ይደግሳል፣ መጠጡን ይጠምቃል፣ ማኅበሩን ይቀበላል። የእንጨት ሠሪው ተራ ሲደርስ ግን የማኅበሩ ሴቶች «አንተ አትቸገር፣ ወንድ ልጅ ምን ይጠምቃል» ይሉና ጠላውን ከየቤታቸው አምጥተው ያስተናግዱለታል። በደግነታቸው ነው። እሱ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ የተቀዳለትን ተቀብሎ ያመሰግናል። አንድ ጊዜ እንኳ «ጠጡልኝ፣ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት» ማለት ይመኝ ነበር።

አንድ ወር የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ ብለው የሚጠሯቸው ሽማግሌ፣ «ከእንግዲህ የሱ ተራ ይታለፍ፤ ሰውየውን ለምን እናስጨንቀዋለን» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እንጨት ሠሪው ይህን ሲሰማ «የሐምሌው የኔ ነው። ራሴ እጠምቃለሁ» አለ። ሁሉም ዘወር ብለው አዩት። እሱም ከተናገረ በኋላ የራሱን ድምፅ ፈራው።

ባሕር ማዶ የምትኖር እህት ነበረችው። ጭንቀቱን በስልክ ነገራት፤ እሷም በመንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን ላከችለት። እሷ ባለችበት አገር ሰው በቤቱ ወይን ጠጅ የሚጠምቅበት የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል። ካርቶኑ ውስጥ የወፈረ የወይን ጭማቂ በትልቅ ከረጢት፣ የኮክ ጭማቂ በትንሽ ከረጢት፣ እርሾ ደግሞ በወረቀት ታሽጎ ነበር። ክዳኑ ላይ የምትሰካ ጠማማ ቱቦም አለች፤ ውሃ ይደረግባትና ሲፈላ አየሩ በውሃው በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። እህቱ ኮክ የመረጠችው የጓሯቸውን ዛፍ አስታውሳ ነው።

«ትልቁን ከረጢት ከውሃና ከእርሾው ጋር በጥብጠህ ጀሪካን ውስጥ ክደነው» አለችው። «ትንሹን ግን ፈልቶ ጸጥ እስኪል እንዳትነካው። ኮኩ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው።»

ጎረቤቱ ጠጅ በመጣል የታወቀች ሴት ነበረች። ሰፈሩ ሠርግ ሲኖረው የሚጠራት እሷን ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ልታይ መጣች።

«ይህች ትንሿ ምንድን ናት?»

«ኮክ። መጨረሻ ላይ ነው የምትገባው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «መጨረሻ? ማር ጠጁ ከፈላ በኋላ ሲገባ የት አየህ? ጣፋጩ በመጀመሪያው ቀን ከውሃው ጋር ይገባል፣ አብሮ ይፈላል፣ አብሮ ይበስላል። እህትህ አገሩ ርቋት ረስታዋለች።»

እውነቱን ለመናገር እንጨት ሠሪውም ቸኩሎ ነበር። ቤቱ ኮክ ኮክ እንዲሸትለት ፈልጓል። ትልቁን ከውሃና ከእርሾው ጋር እንደበጠበጠ ትንሹንም ከረጢት ቀደደና ጀሪካኑ ውስጥ ጨምቆ ገለበጠው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ደስ ይል ነበር። ቱቦዋ ያለ ዕረፍት ቡልቅ ቡልቅ ትላለች፤ ሽታው ከመንገድ ያውዳል። እንጨት ሠሪው ጠዋት መላጊያውን ከማንሳቱ በፊት ጀሪካኑ አጠገብ ቆሞ ያሸታል። ሽታው ቤቱን የሞላው ከመጠጡ እየወጣ መሆኑን ግን አላሰበም። እየቆየ ሽታው ቀነሰ፤ ቤቱም እንደ ድሮው ሰጋቱራ ሰጋቱራ መሽተት ጀመረ። ክዳኑን ከፈተና በማንኪያ ቀመሰ። አፉን እንደ አረቄ ፈጀው። የኮክ ነገር የለበትም።

ደነገጠ። «ጣፋጩ አንሶት ነው» አለና ስኳር አሟምቶ ጨመረበት። መጠጡ ሊበርድ ሲል ነበር፤ ስኳሩን ሲያገኝ እንደ አዲስ ተነሳ። አረፋው ሽቅብ ገንፍሎ ቱቦዋን ከክዳኑ ነቀላትና ጣሪያው ላይ ወረወራት፤ ለማኅበሩ ብሎ ኖራ የቀባው ግድግዳም ተረጨ። ጠጅ ጣይዋ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች።

«ምን ፈነዳ?»

«ስኳር ሰጠሁት።»

ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄማ ይናከሳል!»

እንጨት ሠሪው አልሳቀም። ጣፋጭ በሰጠው ቁጥር የሚቆጣ ነገር ምን እንደሚደረግ አላወቀም። ለሙሴው «ተራዬ ይታለፍ» ሊል ወስኖ ከቤቱ ወጣ፤ ደጃቸው ድረስ ሄደ፤ እጁን ለማንኳኳት አንስቶ አፈረና ተመለሰ። ጀሪካኑን ተሸክሞ ከጣውላዎቹ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ጥግ አስቀመጠው። ቱቦዋን አጥቦ መልሶ ሰካት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመረበትም። አልከፈተውም፤ አልነቀነቀውም። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። ቡልቅታው ራቅ ራቅ እያለ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጆሮውን ቢያስጠጋ ምንም አልሰማም።

ሐምሌ ገባ፤ የሥላሴ ዋዜማ ደረሰ። እንጨት ሠሪው ተስፋ ስለቆረጠ መጠጡን ሊደፋው ጀሪካኑን ወደ ጓሮ አወጣ። «ጀሪካኑ እንኳ ለውሃ ይሆነኛል» አለ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ነጩን ጀሪካን በብርሃን ሲያየው አተላው ታች ተኝቶ ከላይ ያለው ጠርቶ የምንጭ ውሃ መስሏል። ጠርቶ ሲያየው ሳይቀምስ መድፋት አሳዘነውና አንድ ብርጭቆ ቀዳ።

የኮኩ ዛፍ ፍሬ ደርሶ ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር። አንዱን አነሳ፣ በሴንጢው እየቆረጠ ሲበላ አንዲት ቁራጭ ከእጁ አምልጣ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀች። ቁራጯን አላወጣትም። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ቆመ።

የኮኩ ጣዕም አለ።

አላመነም። ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ገባ፤ የጀመረውን የበርጩማ እግር ልጎ ጨረሰ፤ ተመልሶ ቀመሰ። ኮኩ አሁንም አለ። ጣፋጩን የሚበላበት አልነበረም። እርሾው የሚበላውን በልቶ፣ ጠግቦ፣ ታች ከአተላው ጋር ተኝቷል። የእህቱ ቃል ያን ጊዜ ገባው። መጠጡ አልተበላሸም ነበር፤ ጣፋጩን የሚቀበልበት ጊዜ ገና ሳይደርስ ነው የተሰጠው።

ወዲያው ሥራ ያዘ። የጠራውን ከአተላው ሳያናውጥ ቀስ አድርጎ ወደ ንጹሕ እንስራ ገለበጠው። ኮኩን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በንጹሕ ሻሽ ጨመቀና ጥቂት ስኳር አክሎ ጨመረበት። እንስራው ጸጥ እንዳለ ቆየ።

በማግሥቱ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ሴቶቹ ምናልባት ብለው ጠላ በጀሪካን ይዘው መጥተው ነበር፤ በር ላይ አስቀመጡት። እንጨት ሠሪው ለሙሴው ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበ። ሽማግሌው ጠጡ፤ ብርጭቆውን አዩ፤ ደግመው ጠጡ።

«አንተ ሰው» አሉት፣ «ይህን የጠመቀችውን ሴት የት ደበቅሃት?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እንጨት ሠሪው ፊቱ ቀልቶ «እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ ጠጡልኝ» አለ። ጠጅ ጣይዋ ብርጭቆዋን አፍንጫዋ አጠገብ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ጣፋጩ በመጀመሪያው ቀን ነው አላልኩህም?»

«ብለሽኝ ነበር። ሰጠሁት፤ በላው።»

«ማን በላው?»

«እርሾው ነዋ! እየፈላ የሰጠሁትን ሁሉ በላና ናካሽ ሆነ። ዝም ሲል የሰጠሁት ይኸውልሽ፣ እጅሽ ላይ ነው።»

እሷም ሳቀችና ብርጭቆዋን ዘረጋችለት። የሴቶቹ ጠላ እንደመጣ ተመለሰ። ጽዋው በዚያ ዓመት የማንንም ተራ ሳያልፍ ዞረ።

አባ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቷ እናት ዞሩ።

«ልጄ፣ ቃልሽ መጥፎ ቃል አልነበረም፤ ኮክ ነው። ግን እህትሽ እየፈላች ሳለ ሰጠሻት። ንዴት እርሾ ነው፤ የሰጡትን ጣፋጭ ይበላና የበለጠ ይበረታል። ‹እናቴ ነሽ› ስትያት በልቧ ‹ታዲያ እናቷን እንዲህ ትላለች?› አለች። ባልሽን ስትልኪ በልቧ ‹ለራሷ አፍራ ነው› አለች። ስልኩ ላይ ማር ስትጽፊ ንዴቷ ስኳሩን አገኘና ጣሪያ ነካ። ዝም ብዬ ልተዋት ወይ ብለሽኛል። እንጨት ሠሪው መጠጡን አልተወውም፤ ከጥግ አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። መተው ሌላ ነው፣ ማቆየት ሌላ ነው። አንቺም ጆሮሽን አስጠጊ።»

«እንዴት ነው የማውቀው አባ? ጸጥ ማለቷን በምን አውቃለሁ?»

«ከእርሷ በኩል የመጣ ነገር የለም?»

ወጣቷ እናት አንገቷን ደፋች። «ትናንት በጎረቤት እጅ የአጥሚት እህል ልካለች። ይቅርታ የሚመስል ነገር ግን አላለችም። ለጎረቤቷ ‹እሷ እንደሆነች ምግብ አትበላም፤ ጡቷ ደርቆ ያችን ልጅ እንዳታስርባት› ነው ያለቻት። እየተቆጣች።»

አባ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ይህ ቁጣ ነው እንዴ? ይህ የመጨረሻዋ ቡልቅታ ናት። አጥሚቱን አፍይው፤ ጠጪው። ነገ ልጅሽን እዘዪና ሂጂ። ሰው አትላኪ፣ ስልክ አትንኪ። ብዙም አትናገሪ፤ ጥፋትሽን ባጭሩ እመኚና ልጅቱን እቅፏ ላይ አስቀምጫት። ያን ጊዜ ‹ካንቺ በላይ ማን አለኝ› በያት። ያው የቀድሞው ቃል ነው፤ አሁን ግን የሚበላው የለም።»

ሕፃኗ ተነቃነቀችና ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ብድግ አደረገቻትና ወደ ጓዳ እየሄደች የአጥሚቱን እህል ከመደርደሪያው አወረደች።