ለዘንዶው ስም ያወጣው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ገደል ሥር ባለች መንደር፣ ክንፍ የሌለው ዘንዶ የመንደሯ ብቸኛ ምንጭ ላይ ተጋድሞ አልነሳም አለ። «ስም አውጡልኝና እነሳለሁ» ይላል። አንድ ሽማግሌ ቀርበው የማይሆን ስም ቢጠሩት ዋጣቸው። ከዚያ ወዲያ የሚደፍር ጠፋ።

አንጓች አራስ ናት። ጥሙ ሲበረታ ጡቷ ነጠፈ፤ ልጇ ይጠባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። እሷም ሆዷ እየባባ አብራው ታለቅሳለች።

ታላቅ ወንድሟ ዘርጋው ዘንዶው እንዳንቀላፋ ጀርባው ላይ ወጣ። ቢነቃ አለቀለት። በመዳፉ ሲዳስስ ትከሻው ላይ ሁለት ጠባሳ አገኘ። ወርዶም «ለካ ክንፍ ነበረው፤ ተቆርጦበት ነው» አለ።

አንጓች ይህን ሰምታ አሰበች። በመንደሯ ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን ካሳ ወይም ምትኩ ትለዋለች፤ የጎደለባትን በስም ትሞላለች። «እንግዲያው ክንፌ በሉት» አለች።

ታናሽ እህታቸው ትርንጎ ወሬ አላበዛችም። ዘንዶው አፍ ሥር ሄዳ ቆመች። «ክንፌ፣ ተነስ» አለችው።

ዘንዶው አለቀሰ፤ ተነሳም። ውሃው ፈለቀ፤ አገሩ ጠጣ። ሦስቱ ግን የጠጡት ውሃ ገና ከከንፈራቸው ሳይደርቅ «እኔ ነኝ ያዳንኳችሁ» እየተባባሉ ተጨቃጨቁ።

በጥም ናላቸው ዞሮ የአገራቸውን ልማድ ዘንግተውት ነበር። እዚያ ወላጅ ለሌለው ስም ያወጣ ሰው አሳዳጊው ይሆናል፤ አብሮትም ይኖራል። ዘንዶው ግን አልረሳም።

«ስም ያወጣልኝ የታለ? አብረን በረሃ እንወርዳለን፤ እዚያው እንኖራለን። ብቻዬን ከሆነ ግን ወደ ምንጩ እመለሳለሁ» አለ።

ይሄኔ ጭቅጭቁ ተገለበጠ።

«እኔ ያገኘሁት ጠባሳ ነው እንጂ ስም አይደለም» አለ ዘርጋው።

«እኔ የተባልኩትን ነው የጠራሁት» አለች ትርንጎ።

ሰው ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ። ጡቷ ገና ማጋቱ ነበር፤ ልጇ ጠግቦ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። በረሃ ይዛው ብትወርድ ይሞትባታል፤ ትታው ብትሄድ ማን ያጠባዋል?

«እኔ እኮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው ያልኩት» አለች። «ከኔ አፍ መች ሰማው?»

ዘንዶው እየጠበቀ ነው፤ ጅራቱ ግን ወደ ምንጩ መዞር ጀምሯል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እኔ አቅቶኛል። ጠባሳውን የዳሰሰው፣ ስሙን ያሰበችው ወይስ ፊቱ ቆማ የጠራችው? ማን ይሂድ?