ጳጉሜን የበላው ቅጽ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያሉት አንድ ሐይቅ፣ አንድ ወንዝ፣ አምስት መዝገብና አምስት የጠፉ ቀኖች ናቸው።

በሐይቁ ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ውኃው ውስጥ የቆመውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን የብረት ምሰሶ በየማለዳው እያየች የሐይቁን ከፍታ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ምሰሶውን ያስተከሉት፣ መዝገቡንም የጀመሩት አባቷ ነበሩ። እሳቸው ሃያ ዓመት ጻፉ፤ እሷ አሥር ጨመረችበት። በየወሩ መጨረሻ ማጠቃለያው ከተማ ላለው የጥናት ጣቢያዎች መረብ ይላካል፤ መዝገቡ ራሱ ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

አምና መስከረም ላይ ከከተማ አዲስ ቅጽ መጣ። ቅጹ አሥራ ሁለት ሳጥን አለው፤ መስከረም ብሎ ይጀምራል፣ ነሐሴ ብሎ ይዘጋል። ጳጉሜ የለችም። ቅጹን የሠራው ሰው አሥራ ሦስት ወር ባለው አገር ተወልዶ አድጎ አሥራ ሁለት ሳጥን እንዴት እንደበቃው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ማንጠግቦሽ ደግሞ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት። ጳጉሜ ስትገባ «ቢፈልጓት ኖሮ ሳጥን ይሠሩላት ነበር» አለችና አምስቱን ቀን ለዘመን መለወጫ ቤቷን ስትለቀልቅ ሰነበተች። ወደ ምሰሶው አልወረደችም።

በጥቅምት ደብዳቤ ደረሳት። «የሠላሳ ዓመቱ ልኬት በጳጉሜ አምስት ቀን ተቋርጧል። ከጎረቤት መዝገቦች አመሳክረው እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልሞሉት፣ ምሰሶው ተነቅሎ ወደ ሌላ ሐይቅ ይዛወራል» ይላል። ማንጠግቦሽ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ አለቀሰች። የአባቷ ምሰሶ ነው። የሚያድነው አምስት ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቧን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና መንገድ ጀመረች።

መጀመሪያ ወደ ወንዙ ሄደች። እዚያ ድልድዩ አጠገብ የወንዙን ውኃ የሚለኩት ጋሼ ደምለው ናቸው።

«ጋሼ ደምለው፣ እባክዎ የጳጉሜን ገጽ ያሳዩኝ። ወንዝዎ ወደ ሐይቄ ነው የሚገባው፤ ከእርስዎ ቁጥር የእኔን አገኛለሁ።»

ጋሼ ደምለው መዝገባቸው ያለበት ሣጥን ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ገበናዬን ላሳይሽ? አይሆንም ልጄ። ዝናብ ሳይዘንብ ወንዝ ሞልቶ ያውቃል? መጀመሪያ ዝናብ ለኪዋ ስንዱ ትግለጥ።»

እንግዲህ ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፤ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ።

ማንጠግቦሽ ዳገቱን ወጥታ ትምህርት ቤት ደረሰች። መምህርት ስንዱ በግቢው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ጣሳ አላት፤ በየቀኑ ያጠራቀመውን ትለካለች።

«መምህርት፣ የጳጉሜን ዝናብ አሳይኝ። ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፣ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ ተብያለሁ።»

መምህርቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ መዝገቡን ከጠረጴዛ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔ ጣሳ ምን ያውቃል? ዝናብ መምጣቱን ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት ወፎች ናቸው። መጀመሪያ ወፍ ቆጣሪው ይሁኔ ይግለጥ።»

እንግዲህ ወፍ ሳይገልጥ ዝናብ አይገልጥ፤ ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፤ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ።

የወጣችውን ዳገት መልሳ ወረደችው። መዝገቡም ብብቷን ወጋት። ይሁኔ ሸምበቆው ዳር ቁጭ ብሎ በአቅራቢ መነጽር የውኃ ወፎች ይቆጥራል። አብሮ አደጓ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«ይሁኔ፣ መዝገብህን ክፈት። ወፍ ሳይገልጥ ዝናብ አይገልጥ፣ ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፣ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ አሉኝ። ምሰሶዬ ሊነቀል ነው።»

«እታለም፣ ስለ ምሰሶው አዝናለሁ» አለ ይሁኔ፤ እያለም መዝገቡን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። «ግን ወፍ ዛፍ ከሌለው የት ያድራል? መጀመሪያ የደኑ ጠባቂ አባ ዘሚካኤል ይግለጡ። እሳቸው ከገለጡ እኔ አላስቸግርሽም።»

እንግዲህ ደን ሳይገልጥ ወፍ አይገልጥ፤ ወፍ ሳይገልጥ ዝናብ አይገልጥ፤ ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፤ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደን ያለው ከሐይቁ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። አባ ዘሚካኤል የዛፎቹን ውፍረት በየወሩ በቆዳ ጠፍር ይለካሉ፤ የቀኑንም ውሎ ይጽፋሉ። ማንጠግቦሽ መስቀላቸውን ተሳለመችና እዚያው ዋንዛ ሥር ዘፍ አለች።

«አባ፣ እርስዎ የመጨረሻዬ ነዎት። ደን ሳይገልጥ ወፍ አይገልጥ፣ ወፍ ሳይገልጥ ዝናብ አይገልጥ፣ ዝናብ ሳይገልጥ ወንዝ አይገልጥ፣ ወንዝ ሳይገልጥ ሐይቅ አይሞላ። የእርስዎን መዝገብ ይግለጡልኝ።»

አባ ዘሚካኤል ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ ታች አመለከቱ። ከጉብታው ሥር ሐይቁ ተኝቷል፤ ዳር ላይ የማንጠግቦሽ ምሰሶ ቆሟል።

«የዚህ ደን ሥር የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሐይቁ ሳይገልጥ ደኑ ምን ብሎ ይገልጣል? የሐይቁን መዝገብ የያዘውን ሰው ጥሪልኝ።»

ያ ሰው ማንጠግቦሽ ራሷ ናት። ቀኑን ሙሉ «ግለጡ፣ ግለጡ» ስትል የዋለችው ሴት መዝገቧን ለአንድ ሰው እንኳ አላሳየችም። ለጋሼ ደምለው አላሳየች፣ ለስንዱ አላሳየች፣ ለይሁኔ አላሳየች። ባዶውን ገጽ እንዳያዩባት ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ነበር።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አሉ አባ፣ ፈገግ ብለው። «ልጄ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ብብትሽ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

አፈረች። ካፈረች በኋላ ግን ድካሙ ከኀፍረቱ በለጠባት፤ ነጠላውን ፈታች፣ መዝገቡን ገለጠች። ከነሐሴ ቀጥሎ ንጹሕ ባዶ ገጽ አለ። «ሳጥን ስላልነበራት ተውኳት አባ። ቤት ስለቀልቅ ነበር።»

አባ ዘሚካኤል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ገቡና መዝገባቸውን ይዘው ወጡ። «የእኔን እዪ እንግዲህ። የቀን ቁጥር የለም፤ ሁሉን በቅዱሳኑ ዕለት ነው የጻፍኩት። ደግሞ ዛፎቼ በክረምት ይከሳሉ፣ በበጋ ይወፍራሉ። ጠፍሩ ዝናብ ሲጠጣ እንደሚለጠጥ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ከተማ እንዳይሰማ ፈርቼ ተኛሁበት።» ለጳጉሜ ሦስት እንዲህ ይላል፦ «የሩፋኤል ዕለት። ከጥዋት እስከ ማታ ዘነበ። ሕዝቡ ወጥቶ ተጠመቀበት።»

አባ በትራቸውን አነሱ፤ ሁለቱ አብረው ቁልቁል ወረዱ። ሐይቅ ስለገለጠ ደን ገለጠ።

ይሁኔ የሁለቱን ገጽ ሲያይ ሸሚዙን ፈታ። «እኔ የምጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ስመልስ አንድ ቀን ተንሸራተትኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኔ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ማን እንደሚያርምልኝ አጣሁ።» አባ ጣታቸውን «ከባድ ዝናብ» በሚለው መስመር ላይ አሳረፉ፤ ይሁኔ ለሩፋኤል ዋዜማ ነበር የጻፈው። በአንድ ቀን ገፉት፣ ገጠመ። ከወፎቹ ቁጥር ጎን ደግሞ ማንጠግቦሽ ትንፋሿን የያዘችበት ነገር አለ። «ወፎች ሁለተኛው ጥቁር ድንጋይ ላይ። ሦስተኛው ሰጥሟል» ይላል፤ አምስቱንም ቀን ውኃው ከየትኛው ድንጋይ እንደደረሰ ጽፏል። ድንጋዮቹ ከምሰሶዋ አጠገብ ናቸው። ሐይቅ ስለገለጠ ደን ገለጠ፤ ደን ስለገለጠ ወፍ ገለጠ።

መምህርት ስንዱ ሦስት ሰው መዝገብ ገልጦ በሯ ላይ ሲቆም መሳቢያዋን ከፈተች። የአምስቱን ቀን ዝናብ ደምራ መስከረም አንድ ላይ ገልብጣዋለች፤ ከተማ ሲታይ በእንቁጣጣሽ ዕለት የጥፋት ውኃ የመጣ ይመስላል። «ሳጥን ስጡኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አስተማሪ ሆና ቅጽ መሙላት አቃታት እንዳይሉኝ ፈራሁ» አለች። የየቀኑን ልኬት የያዘችበት ብጣሽ ወረቀት ግን ነበራት፤ የሩፋኤል ዕለት ከሁሉም በልጧል። ሐይቅ ስለገለጠ ደን ገለጠ፤ ደን ስለገለጠ ወፍ ገለጠ፤ ወፍ ስለገለጠ ዝናብ ገለጠ።

ጋሼ ደምለው አራቱን ከድልድዩ ማዶ ሲያዩ ገና ሳይጠየቁ ከሣጥኑ ላይ ተነሱ። መዝገባቸው ላይ «ነሐሴ ሠላሳ አንድ፣ ነሐሴ ሠላሳ ሁለት» እያለ እስከ ነሐሴ ሠላሳ አምስት ይሄዳል። «ሳጥኑ አልበቃ ሲለኝ ወሩን አስረዘምኩት» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ሠላሳ ሦስት ላይ ወንዙ ገንፍሏል።» ማንም አልሳቀባቸውም። እሺ፣ አባ ትንሽ ሳቁ። ሐይቅ ስለገለጠ ደን ገለጠ፤ ደን ስለገለጠ ወፍ ገለጠ፤ ወፍ ስለገለጠ ዝናብ ገለጠ፤ ዝናብ ስለገለጠ ወንዝ ገለጠ።

በማግስቱ ጥዋት አምስቱም ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። የዛሬው ውኃ ስንት እንደሆነ ምሰሶው ይናገራል፤ ድንጋዮቹ ከዛሬው ውኃ ስንት እንደሚበልጡ ወይም እንደሚያንሱ ዘንግ ይናገራል። የቀረው መደመርና መቀነስ ነው። ማንጠግቦሽ አምስቱን ቁጥር በእርሳስ ጻፈችና ከጎኑ «በዕለቱ ያልተነበበ፤ ከአራት ጎረቤት መዝገብ የተሞላ» አለችበት። መምህርቷ ማስመሪያ አውጥታ ቅጹ ላይ አሥራ ሦስተኛ ሳጥን አሰመረች። አባ የቅዱሳኑን ዕለት በቀን ቁጥር ሊጽፉ፣ ይሁኔ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ሊያሰፍር፣ ጋሼ ደምለው ነሐሴን በሠላሳ ሊዘጉ ተስማሙ። ለአባ ጠፍርም ይሁኔ የብረት ሜትር ሰጣቸው። ሁሉንም ገልብጠው፣ ጉድለታቸውንም ሳይሸሽጉ፣ ለከተማ ላኩ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ላይ መልስ መጣ። ማንጠግቦሽ ራሷ ለመክፈት ስላልደፈረች መምህርት ስንዱ አነበበችላት። «ምሰሶው ባለበት ይቆይ። ሌሎች ጣቢያዎችን ብንጠይቅ እነሱም ጳጉሜን በየጓዳው ሸሽገዋት ተገኙ። የላካችሁት ባለ አሥራ ሦስት ሳጥን ቅጽ ከእንግዲህ ለሁሉም ሐይቅ፣ ለሁሉም ደን ይሠራል። መዝገባችሁንም እርስ በርስ ተያዩ።» ማንጠግቦሽ የሳምንት ትንፋሿን በአንዴ ለቀቀችው። እፎይ።

ዓመቱ ዞረ፣ ጳጉሜ አንድ ባተ። ቤቷ አልተለቀለቀም። ማንጠግቦሽ በካፊያ ውስጥ ወደ ምሰሶው ወረደች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ አሥራ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ጻፈችው። ከዚያ መዝገቡን ሳትሸፍን ይዛ ወደ ጋሼ ደምለው ሄደች።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ብብታችሁ ሥር ያለውን ግለጡልኝና ይበቃኛል።