እና ሌሎች

«እልፍነሽ፣ ሚዛንሽ ተበላሽቷል። አስጠግኚው።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ለካሁት፣ ዶክተር። ሠላሳ አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብልሽት አለ?»

«እንግዲያው ‹መሣሪያው አጠራጣሪ ነው› ብለሽ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

ይህ በአንድ ወቅት፣ የክንፍና የነፋስ ነገር በሚጠናበት አንድ ተቋም ውስጥ የሆነ ነው። ዶክተር አምሃ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረዋል። ፕሮግራሙ አየሩን በሚሊዮን ትንንሽ ሣጥኖች ይከፋፍልና ነፋስ አንድን ክንፍ በምን ያህል ኃይል እንደሚያነሳው ያሰላል። ተቋሙ ነፋስ በክንፍ ላይ እየነፋ ኃይሉን በሚዛን የሚለካ ትልቅ የነፋስ ቱቦም አለው፤ በመጀመሪያው ክንፍ ላይ ስሌቱ በዚህ ቱቦ ውስጥ ከተለካው ጋር አንድ ሆነ። ስማቸው የወጣው ያን ጊዜ ነው። አላገቡም። ምሳቸውን ስክሪኑ ፊት ይበላሉ። አንዳንዴም ያናግሩታል።

በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ስህተቶች ነበሩ። አንዱ መልሱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። በዚያ ክንፍ ላይ ጉልበታቸው እኩል ሆነና መልሱ ልክ መጣ። ማንም አላወቀም። እሳቸውም አላወቁም።

ሁለተኛ ክንፍ መጣ። ቱቦው አንድ ቁጥር ሰጠ፣ ፕሮግራሙ ሌላ።

ቱቦውን የሚያንቀሳቅሱት ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ፤ አልፈርምም ያሉት። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። የልኬት ደብተራቸውን ይዘው ወረዱ። የዶክተር አምሃ ጥናት ያለ ወይዘሮዋ ቁጥር ታተመ።

በዓመቱ ኑረዲን የሚባል የዶክትሬት ተማሪ አንዱን ስህተት አገኘ። አስተካከለው። ያ ዝነኛ መልስ ተበላሸ። ጥናቱን ሲያቀርብ አዳራሹ ሳቀ።

«አስተካክለህ አበላሸኸው እኮ!» አለ አንዱ።

«መልሱ ልክ ስለመጣ ስህተቱ ልክ አይሆንም።»

ርዕስህን ቀይር ተባለ። አልቀየረም። ያለ ዲግሪው ደሴ ገባ፤ እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል።

ስድስት ዓመት አለፈ።

ሲፈን በኮንትራት ተቀጠረች። ሌላኛውን ስህተት እሷ አገኘች፦ ክንፉን የሚነኩት ሣጥኖች ከልክ በላይ ትልልቅ ነበሩ። አሳነሰቻቸው። መልሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ተበላሸ። ሁለት ወር ራሷን ተጠራጠረች፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ውድቅ የተደረገውን የኑረዲንን ጽሑፍ አገኘች። ሁለቱን እርማቶች አንድ ላይ አስገባች። የመጀመሪያው ክንፍ፣ ልክ። የሁለተኛውን ክንፍ ልኬት ፍለጋ ግምጃ ቤት ወረደች። ወይዘሮ እልፍነሽ ደብተሩን ከመደርደሪያ አወረዱላት። ገጠመ።

ውሏን የሚያድሱላት ዶክተር አምሃ ናቸው። ውጤቱን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

ሦስት ቀን አነበቡት። በአራተኛው «ልክ ነሽ» አሉ። የድሮ ጥናታቸው እንዲሰረዝ ጻፉ። አዲሱ ላይ የእኔ ስም አይግባ አሉ።

የማን ይግባ? ሦስቱም ይገባሉ። ቅደም ተከተሉ ነው ችግሩ። በዚህ ሙያ አንድ ጥናት ሲጠቀስ የመጀመሪያው ሰው ብቻ በስሙ ይጠራል። የቀሩት «እና ሌሎች» ይባላሉ።

ዶክተር አምሃ ሦስቱን ቢሯቸው ጠሩ። አንድ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«መጀመሪያ ስህተት አለ ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለ ኑረዲን። «ስሜ ከቀደመ ጉዳዬን እንደገና ያዩልኛል። ዲግሪዬን አገኛለሁ።»

«አንተ ስትቆም እኔ ግምጃ ቤት ዓመት ሞልቶኛል፣ ልጄ። መጥረጊያና ባልዲ ሳድል» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ጡረታዬ ዘጠኝ ወር ቀርቶታል። እዚህ ቤት ስሜ የተጻፈው ደመወዝ መፈረሚያው ላይ ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ ልኬትዎ ፕሮግራሙ መሳሳቱን እንጂ የት እንደተሳሳተ አይናገርም።»

«ያንተስ? ግማሹን ተናግሮ ደሴ ገባ።»

ሲፈን ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። «ሁለታችሁንም ያገኘኋችሁ አቧራ ውስጥ ነው። ባልፈልጋችሁ ኖሮ እዚያው ነበራችሁ። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሁለተኛ ስም ይዞ ቋሚ የሆነ ሰው እዚህ አላየሁም።»

«እኛ ባንኖርስ፣ ምን ታገኚ ነበር?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።



ሦስቱም ወደ ዶክተር አምሃ ዞሩ።

«ሠላሳ ዓመት ገደማ ብቻዬን ጻፍኩ» አሉ። «ማንን ላስቀድም ብዬ ተጨንቄ አላውቅም።»

ወረቀቱን መሀላቸው አስቀመጡት። ከርዕሱ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው። ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

እንግዲህ እናንተ ተከራከሩበት። ያልፈረሙት? ያልቀየረው? ወይስ ሁለቱን ፈልጋ ያገናኘችው? የማን ስም ይቅደም?

ዶክተር አምሃ ወጡ። በሩ ተዘጋ።