ዝባድ ሻጯ ቆቅ

ተረት አምጣ ብትሉኝ ይህችን አመጣሁ፤ በትክክል ማስታወሴን ግን እጠራጠራለሁ።

አንዲት ጠንቃቃ ቆቅ እንቁላሎቿን ታቅፋ ነበር። ብትነሳ እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ባትነሳ በረሃብ ማለቋ ነው። እንዲህ ስትጨነቅ አንደበተ ለስላሳው ጥርኝ መጣ።

«እመት ቆቅ፣ ከጎጆሽ መውጣት ለምን ያስፈልግሻል? ጎረቤቶችሽን ቤትሽ ጥሪና ዝባዴን ቀቢያቸው። ከሚሸጠው ላይ ድርሻሽን በእህል እከፍልሻለሁ።»

«ባይገዙኝስ?»

«ቤትሽ ገብተው ባዶ እጃቸውን ሊወጡ? ያፍራሉ እኮ!»

የዚያ አገር ወፎች አንዷ ከጮኸች ሁሉም ሥራቸውን ጥለው ይደርሱላታል። ቆቅም ጮኸች። ጎረቤቶቿ ክንፋቸው እስኪገነጠል በረው መጡ፤ ዝባድ ተቀቡ፤ አፍረው ገዙ። ደግማ ጮኸች፤ እያጉረመረሙ ገዙ።

አንድ ቀን ከጎጆው አጠገብ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። እባብ ነበር። ቆቅ ክንፏን በእንቁላሎቿ ላይ ዘርግታ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

ከማዶ ጅግራ ቀና አለች። «ደግሞ ጀመራት! የባለፈው መቼ አለቀልኝና!»

«ኧረ ዝባድ አይደለም! እባብ ነው! ድረሱልኝ!»

«ዛሬስ ዘዴ ለውጣ መጣች» አለች ጅግራ፣ ጥሬዋን እየለቀመች። ሌሎቹም ሳቁ።

ጩኸቱ ድንገት ሲቋረጥ ግን ጅግራ ደነገጠችና ሮጠች። ጎጆው ዝባድ ዝባድ ይሸታል። ቆቅ ዳር ላይ ቆማ ባዶውን ጎጆ ታያለች።

ጥርኙ አላታለላትም። ኋላ ጠይቄ እንዳረጋገጥኩት፣ በማግስቱ ድርሻዋን አንዲት ፍሬ ሳያጎድል ደጃፏ ላይ አፍስሶላታል።