በሟች አንገት የተለካ ሻርፕ

በአንድ ወቅት ዓመቱን በሳምንታት ስም የከፋፈለ የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። የመጽሐፍ ሳምንት ነበረው፤ የጽዳት ሳምንት፣ የባህል ልብስ ሳምንት ነበረው። እነዚህስ ደግ ናቸው። የመጨረሻው የአባቶች ሳምንት ነው፤ እሱን ያሰበውን ሰው ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ልጃገረዶቹ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሻርፕ በኪሮሽ ይሠራሉ። በአባቶች ሳምንት ዓርብ አባቶች አዳራሽ ውስጥ በወንበር ይደረደራሉ፤ እያንዳንዷ ልጅ የሠራችውን በአባቷ አንገት ላይ ታጠልቃለች፤ አብረው ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ አስካለ በጥቅምት ሥራውን ስትጀምር አባቷ አንዳርጌ በሕይወት ነበር። አንገቱን በክር ለካችው። «አታጥብቂው እንጂ፣ ልታንቂኝ ነው?» እያለ ያስቃት ነበር። በልኩ ክሩን ቋጠረችው። በታኅሣሥ አንዳርጌ ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሻርፑ ገና አንድ ስንዝር ነበር።

የአንዳርጌ ታላቅ ወንድም ፈንቴ የገጠር ገበሬ ነው። በጥር ትምህርት ቤቱ «አባት ያልፈረመላት ልጅ ቦታዋን ትለቃለች» አለ። እናቷ ልፈርም ብትል የወንድ ወገን ይምጣ ተባለች። ፈንቴ ያልተወቃ እህሉን አውድማ ላይ ጥሎ ሙሉ ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ አባቷ እኔ ነኝ» ብሎ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመ። ፊደል የቆጠረችውን እናት ያልተቀበለ ወረቀት ፊደል ያልቆጠረውን አጎት ተቀበለ። አስካለ ከትምህርቷ አልተባረረችም። ፈንቴ አገሩ ሲመለስ ግን ያልታሰበ ዝናብ እህሉን አበስብሶ ጠበቀው። ስለ እህሉ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። በአርባው ዕለት ማንንም ሳይጠይቅ የወንድሙን ካፖርት ለብሶ የሄደውም ይኸው ፈንቴ ነው።

ደምስስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ የድሮ ወታደር። የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አስካለ ከክፍል እየጠፋች ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ ታለቅስ ነበር። ደምስስ አላሳበቀባትም። አንድ ቀን ሻርፑን ከእጇ ወሰደና አገላብጦ አየው።

«ይሄ ከውሻ አፍ የተረፈ ነው እንዴ?» አለ። ተርትሮ እንደገና ጀመረው።

«ወታደር ኪሮሽ ይችላል እንዴ ጋሼ?»

«እግሬ ተሰብሮ ስምንት ወር ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ምን ልሥራ? ጣሪያ ልቁጠር?»

ከአባቷ ሞት ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ክሩ የተቋጠረበት ልክ እስኪደርስ አራት ወር እየተቀባበሉ ሠሩት። ታዲያ ይህ ሰው በየማለዳው በር ላይ «ደኅና አደሩ እትዬ» እያለ፣ ልጅሽ ታለቅሳለች የሚል አንዲት ቃል ለእናቷ አልተነፈሰም።

እናቷ እኔ ነኝ። ስለ ራሴም ሳላዳላ እጽፋለሁ።

በአባቶች ሳምንት ሰኞ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሙሉመቤት አስጠሩኝ። «የልጅቷ ልብ እንዳይነካ ዓርብ ቤት ትዋል» አሉኝ። እኔ ግን ዓርብ ጥቁሬን እንደለበስኩ የልጄን እጅ ይዤ ሄድኩ። ሴት አታስገባ የተባለው ደምስስ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፤ ገባሁ። ከአባቶቹ መካከል ባዶ ወንበር አየሁና ተቀመጥኩበት።

«እትዬ፣ ይሄ የወንድ ቦታ ነው» አለኝ አንዱ።

«ወንዱን አምጣልኝና ልነሣለት» አልኩት።

እጇን ይዤ ስለገባሁ ልጄን ከአዳራሹ በር የመለሰ አልተገኘም። ሆኖም አንድ ነገር አልደብቅም፤ ያን ሻርፕ አልቆ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ከአንዳርጌ ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር። አምስት ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ፣ እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ፈንቴም መጣ፤ የባሌን ካፖርት ለብሶ። አስካለ ሻርፑን በሁለት እጇ ይዛ መካከል ላይ ቆመች።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ፎቶ አንሺው ይጠብቃል» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ጣት ነው» አለ ፈንቴ አንገቱን አስግጎ።

«ጣትህን ተጠየቅህ እንጂ አንገትህን ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

ደምስስ ከበሩ ሆኖ «ግማሹ የእኔ እጅ ነው» አለ፤ ወዲያው በተናገረው አፍሮ ባርኔጣውን አወለቀ።

አስካለ ሦስታችንንም አየችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ለማን ላድርገው?» አለች። እኔም፣ ያን ሁሉ አፍ ይዤ፣ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ።

«እንግዲያው ሰኞ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። «አለዚያ ግድግዳው ላይ ቦታሽ ባዶ ይቀራል።»

ሰኞ ልጄ አንድ ሰው መርጣ ይዛ ሄደች። ማንን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ከሦስታችን ሁለታችን እስከ ዛሬ አንነጋገርም፤ እኔም በራሴ ጉዳይ ዳኛ አልሆንም። አንዳርጌ ቢኖር ይፈርድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ትቶን ሄደ። እናንተ ያነበባችሁ ፍረዱ፤ በአንዳርጌ አንገት ተለክቶ የተሠራው ሻርፕ የሚገባው ለማን ነው?