የተደፋው የቅቤ ቅል

በወይራምባ መንደር ሴት በወለደች ማግስት በበሯ መቃን ላይ ባዶ የቅቤ ቅል አፉ ወደ ታች ተደርጎ ይሰቀላል። ቅቤ ይዞ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቅሉን ሲያይ፣ ያመጣው ቅቤ ከእናትየዋ አናት በቀር ማረፊያ እንደሌለው ያውቃል። ልማዱ የመጣው፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ እንጉዳይ ከምትባል አራስ ነው።

እንጉዳይ የበኩር ልጇን የተገላገለችው በሰኔ መጨረሻ እንደ ነበር ይነገራል። አማቷ ወይዘሮ ላቀች፣ በዚያን ዘመን ደንብ መሠረት፣ የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ «ሆድ ይቆርጣል» ብለው አስደፏት፤ በምትኩም የሕፃኑን ጉሮሮ እንዲያለሰልስ ለጋ ቅቤ በጣታቸው እየጠቀሱ ያልሱት ጀመር። ከፍቅር ነበር። ልጁ ቅቤውን ይልሳል፣ ይተኛል፤ ጡት ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። በአራተኛው ቀን የእንጉዳይ ጡት ላላ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአብሽ ውሃው፣ ሁሉም ተሞከረ። ወተት የለም።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት ወይዘሮ ላቀች። «እስከ ቅዳሜ ካልወረደልሽ ከወንዙ ማዶ ላለችው ለእህቴ ልጅ እንሰጠዋለን። የእሷ ጡት ሞልቷል። ጥርስ ሲያወጣ ይመጣልሻል።»

እንጉዳይ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበችው። ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም እንደማይሻገሩት ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት መደቡ ላይ ጋደም ብላ ሳለ የአማቷ ድምፅ ከጋጣው ተሰማ። ባሏ ሙጬ ጥጃዋን አስሮ ላሚቱን ሊያልብ ተቀምጦ ኖሯል።

«አንተ፣ ጥጃዋን ምን አድርጋ ነው ያሰርካት?»

«ትጨርስብኛለች ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«ላም ጥጃዋ ሳትጠባት ለማን ብላ ትሰጣለች? ፍታትና ትለምናት። እየጎተተች ታውርደው።»

እንጉዳይ ይህን እንደ ሰማች አጠገቧ የተኛውን፣ ከንፈሩ በቅቤ የወዛውን ልጇን ትኩር ብላ አየችው። ጠግቧል። የጠገበ ምን ብሎ ይለምናታል? ተነሣች። ሹሩባዋን ፈታች። ቅሉን አወረደችና ቅቤውን እየዛቀች አናቷ ላይ ጨረሰችው።

ወይዘሮ ላቀች ሲገቡ ቅቤው በግንባሯ፣ በጆሮዋ ሥር፣ በአንገቷ ይንቆረቆራል።

«ምን ሆነሻል?»

«ራሴን አሞኝ ነው፣ እመይቴ።»

«በአንድ ቅል ሙሉ? ሙሽራ እንኳ ይህን አትቀባም። አሁን ልጁ ምን ሊልስ ነው?»

«እኔን።»

ወይዘሮ ላቀች ተቆጡ። ግን ሌላ ቅቤ እስኪናጥ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጎረቤት ሄደው እንዳይለምኑ ደግሞ፣ ምራቴ ቅቤውን በራሷ ላይ ጨረሰችው ማለቱ አሳፈራቸው። ቤት ዋሉ።

ሕፃኑ ተራበ፤ አለቀሰ፤ ጡቱን ያዘ። ደረቅ ነው። ለቀቀ፣ አለቀሰ፣ መልሶ ያዘ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀኑን ሙሉ። እሱ መጎተት አልሰለቸም፣ እሷም መስጠት አልሰለቸችም። ዓርብ ረፋዱ ላይ ጡቷን ወጋት፣ ከበዳት፣ አጋተ። ወይዘሮ ላቀች ገንፎ ይዘው ሲገቡ የእንጉዳይ ቀሚስ ከደረቷ እስከ መቀነቷ ርሶ፣ ልጁ ትን እያለው ሲውጥ አገኙት።

ገንፎውን አስቀመጡ። ከዚያም ባዶውን ቅል አንሥተው፣ ማንም ለልጁ ቅቤ እንዳይሞላበት፣ በሩ ላይ ደፍተው ሰቀሉት ይባላል። ለጎረቤት ግን «ተቀቢው ያልኳት እኔ ነኝ» ብለው ነው ያወሩት።

ዛሬም ቅሉን የምትሰቅለው አማት ናት። ምራቶች ዘዴው የእንጉዳይ ነው ይላሉ፤ አማቶች የላቀች ነው ይላሉ። ክርክሩ የሚነሣው አማት የአራሷን አናት በቅቤ ስታሽ ነው፤ ልጁ ጡት እንደያዘ ስለሆነ ግን ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም።