የወርቅያንጥፉ መቀነት

በእኛ አገር በወለንሳ ቆላ፣ ከማሽላው ማሳ መካከል መሬቱ ለሁለት ተሰንጥቆ የቀረበት ገደል አለ፤ ስሙ የወርቅያንጥፉ መቀነት ይባላል። እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ከማስተኛቷ በፊት እዚያ ትሄዳለች፤ የመቀነቷን አንድ ጫፍ ይዛ፣ ሌላውን ድንጋይ ቋጥራበት ዞረው ማዶ ለቆሙት አማቷ ትወረውራለች፤ መቀነቱ ካልደረሰ ልጁ ከጀርባ አይወርድም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ እዚያ ገደል የሚባል ነገር አልነበረም። መሬቱ ከሥሩ እሳት ስላለው ጠዋት ጠዋት ይሞቃል፤ ስለዚህ እናቶች ሲያርሙ ልጆቻቸውን በአንቀልባ ጠቅልለው ሞቅ ያለው ቦታ ላይ ያስተኙ ነበር። ወርቅያንጥፉ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴትም እንደ ሌላው አደረገች። ያን ዕለት መሬቱ ከወትሮው ይበልጥ ይግል ነበር፤ ሰው ግን መፍራት ሲገባው እሰይ አለ። ከአማቷ ከወይዘሮ ዘገየች ጋር ተኳርፈው ስለነበር እሷ በአንዱ ዳር፣ እሳቸው በሌላው ዳር ሆነው ያርማሉ፤ ልጁ በአማቷ ወገን ተኝቷል።

እንደሚነገረው መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ መሬቱ እንደ ሰው አቃሰተና በሁለቱ ሴቶች መካከል እንደ ጨርቅ ተተረተረ። ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ሰው ቆሞበት! ወርቅያንጥፉ ዞር ስትል ልጇ ማዶ ነው፤ ከልጁ ኋላ ደግሞ መሬቱ ቁልቁል እየሰመጠ ነው። ልትዘል ሮጠች።

«ቁሚ!» አሉ አማቷ ልጁን አንስተው። «ብትወድቂ ማን ያጠባዋል? እኔ?»

«እሜቴ፣ ልጄን! ልጄን!»

«መቀነትሽን ፍቺና ወርውሪ። በልቅሶ አይሻገርም።»

ወረወረች። ወይዘሮ ዘገየች የእሷን መቀነት ከአንቀልባው ባንድ ወገን፣ የራሳቸውን በሌላው ወገን አሰሩ፤ እሷ እየሳበች እሳቸው እየለቀቁ ሕፃኑ በባዶው ላይ ተሻገረ። አላለቀሰም ይባላል፤ እኔ ይህን አላምንም። እናቱ ደረቷ ላይ ስትለጥፈው አማቷ ከማዶ፣ «ያልሽኝን ሁሉ ትቼልሻለሁ፤ መቀነቴን ግን መልሺ!» አሉ ይባላል። የመንደሩ ወንዶችም ጠፍር ይዘው ደርሰው እሳቸውን አወጧቸው።

ያኔ መቀነት ከዳር ዳር ደርሶ ለመቋጠር ይተርፍ ነበር ይላሉ። ባለፈው ጥቅምት የእኔን ልጅ አዝዬ እኔና አማቴ ስንለካ አንድ ክንድ ጎደለ። የትምህርት ቤቱን መምህር ብጠይቀው፣ የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፣ ትልልቅ ቁራጭ ነው፣ ከሥር ባለው ግለት ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል አለኝ። እኛ ያለንበትና የማዶው ወገንም በየዓመቱ ይራራቃሉ፤ ጥፍር እንኳ ሲያድግ ከዚያ ይፈጥናል፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ባሕር ይገባበታል አለ።

«ባሕር? እዚህ?» አልኩት።

«እዚሁ።»

ዛሬ ሸማኔዎቻችን የወለንሳን መቀነት ከሌላ አገር መቀነት አንድ ክንድ አስረዝመው ይሠራሉ። የእኔም ተሠራልኝ። አማቴ ከማዶ ጫፉን ይዘው «ደረሰ! ደረሰ! በይ አሁን አውርጂው!» እያሉኝ፣ እኔ የረዘመው መቀነቱ እንጂ የጠበበው ገደሉ አይደለም ብዬ ልጄን እንዳዘልኩ ቤቴ ገባሁ።